የናሙና ቅርጽ በኒውትሮን ቆጠራ ላይ ያለው ተጽዕኖ

አንድ ኪሎ ጤፍ ሰፌድ ላይ ቢሰጣም ከረጢት ውስጥ ቢታጨቅም ሚዛን ላይ ያው አንድ ኪሎ ነው። ፕሉቶኒየምን በኒውትሮን ቆጠራ ስንለካ ግን ነገሩ እንደዚህ ቀላል አይደለም። ክብደቱ ሳይለወጥ ቅርጹ ብቻ ቢለወጥ መሣሪያው ሌላ ቁጥር ይሰጠናል። ለምን? በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህንን እናያለን።

በመጀመሪያ የአለካኩን ዘዴ እናስታውስ። ፕሉቶኒየም-240 ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል። አንድ ግራሙ በሰከንድ 1,000 ያህል ኒውትሮኖች ይለቃል። በእያንዳንዱ መሰንጠቅ በአማካይ ከ2 ጥቂት የሚበልጡ ኒውትሮኖች አብረው ይወጣሉ። በፖሊኤቲሊን ውስጥ የተተከሉ የሄሊየም-3 ቱቦዎች እነዚህን ይቆጥራሉ። አንድ በአንድ የተቆጠሩትን “ነጠላ”፣ በጣም ተቀራርበው የደረሱትን ደግሞ “ጥንድ” እንበላቸው። ከጥንዱ ቁጥር የፕሉቶኒየም-240 መጠን ይገመታል። የአይሶቶፖቹ ድርሻ ከታወቀ ደግሞ ጠቅላላው ፕሉቶኒየም ይሰላል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የተወለደው ኒውትሮን ከናሙናው ሳይወጣ በፊት ፕሉቶኒየም-239ን ሊሰነጥቅ ይችላል። ያን ጊዜ 3 ያህል አዳዲስ ኒውትሮኖች ይፈጠራሉ፤ ይህ ብዜት ይባላል። ኒውትሮኑ በቁሱ ውስጥ የሚጓዘው መንገድ በረዘመ ቁጥር ብዜቱም ይጨምራል። እስቲ 8 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሆነ ቁስ እንውሰድ። ድቡልቡል ከሆነ የላይኛው ገጽ ስፋቱ 19.3 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ኪዩብ ከሆነ 24፤ ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲሜትር፣ ጎኖቹ 4 በ4 የሆነ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን 40 ይደርሳል። ከጠፍጣፋው ኒውትሮኑ ቶሎ ያመልጣል፣ ከድቡልቡሉ ግን በቀላሉ አይወጣም።

ታዲያ ልዩነቱ ትንሽ ነው ብለን እንዳንተወው! ናሙናውን እንደ አንድ ነጥብ በሚቆጥረው በተለመደው ቀመር ንጹህ ብረት የሆነ ፕሉቶኒየምን ብናሰላ፣ ብዜቱ 1.05 ሲሆን ነጠላው በ5 በመቶ ብቻ ሲጨምር ጥንዱ በ22 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብዜቱ 1.10 ሲሆን ደግሞ ጥንዱ በ47 በመቶ ያህል ያድጋል። ብዜትን የረሳ ሰው 100 ግራሙን 147 ግራም ብሎ ይመዘግበዋል ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ 8 ኪሎ ግራም ፕሉቶኒየምን እንደ ወሳኝ መጠን ይቆጥራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ስህተት ያልጠፋውን “ጠፋ”፣ የጠፋውን ደግሞ “አለ” ሊያሰኝ ይችላል።

ዩራኒየም-235 ላይ ስንመጣ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። በራሱ የሚለቃቸው ኒውትሮኖች በጣም ጥቂት ስለሆኑ ከውጭ፣ ለምሳሌ ከአሜሪሲየም-ሊቲየም ምንጭ፣ ኒውትሮን ይላክበታል። የተላኩት ኒውትሮኖች ዝግተኛ ከሆኑ በከፍተኛ ደረጃ በበለጸገ ብረት ውስጥ አንድ ሚሊሜትር እንኳ ሳይገቡ አብዛኞቹ ይዋጣሉ። የውጩ ቁስ የውስጡን ይከልለዋል እንደ ማለት ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ የተድቦለቦለው ቁስ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይታያል፤ በስስ የተዘረጋው ግን በየግራሙ የበለጠ ይቆጠራል።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንደኛ፣ መሣሪያው የሚስተካከልበት መለኪያ ናሙና በክብደት ብቻ ሳይሆን በቅርጽና በእፍጋትም ከሚለካው ጋር ይመሳሰል። ሁለተኛ፣ ለፕሉቶኒየም ነጠላና ጥንድ ብቻ ሳይሆን ሦስቱ አብረው የደረሱትም ይቆጠሩ። ሦስት ቁጥሮች ካሉን ሦስት ያልታወቁ ነገሮችን ማስላት እንችላለን፦ መጠኑን፣ ብዜቱን፣ እንዲሁም የአልፋ ጨረር እንደ ኦክስጅን ያሉ ቀላል ንጥረ ነገሮችን መትቶ የሚያወጣቸውን ኒውትሮኖች ድርሻ። ሆኖም ትልቅ ብረት ላይ መሐል የተወለደውና ጠርዝ ላይ የተወለደው ኒውትሮን እኩል ዕድል ስለሌላቸው “እንደ ነጥብ” የሚለው ግምት ይሳሳታል። ያኔ በሞንቴ ካርሎ ስሌት ቅርጹን ራሱን ማስገባት የግድ ይሆናል።

በአጭሩ መሣሪያው የሚቆጥረው ኒውትሮን እንጂ ግራም አይደለም። ከኒውትሮን ወደ ግራም የምንሻገረው የናሙናውን ቅርጽ ስናውቅ፣ ወይም ቢያንስ ብዜቱን ለይተን ስንለካ ነው። ላቦራቶሪ ስንገባ ከቁጥሩ ጎን ቅርጹንም እንመዝግብ።