ያገለገለ የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን በርቀት ጨረታ ሲገዛ፦ የዋጋ አተማመን ጉዳይ በጌዴኦ ዞን

በይርጋጨፌ፣ በኮቸሬ፣ በገደብና በወናጎ የቡና ለቀማ በሚደራባቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ የተለቀመ እሸት ቡና በዕለቱ ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምራል፤ የታጠበ ቡና ደረጃውንም ያጣል። አዲስ መፈልፈያ ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድ ማኅበር ወይም ግለሰብ ወደ ያገለገለ ማሽን ያማትራል፤ ይህንንም የሚያገኘው ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት በሚሸጡበት ጨረታ ወይም ሻጮች ፎቶግራፍ በሚለጥፉባቸው የቴሌግራም ገጾች ነው። ሲሠራ ድምፁ ላልተሰማ ማሽን ስንት ብር ማቅረብ ተገቢ ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሻጭ የዕቃውን ጉድለት እያወቀ ገዥ ሳያውቅ ሲቀር፣ ገዥ ለአማካይ ጥራት ብቻ ይከፍላል፤ ጥሩ ዕቃ ያለውም ከገበያ ይሸሻል። የቴሌግራሙ ሽያጭ ከዚህ ጋር ይገጥማል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የሚያካሂደው ጨረታ ግን የተለየ ነው፤ ሻጩ ባንክ ራሱ ስለ ማሽኑ ብዙ አያውቅም፤ የሚያውቀው ባለዕዳ ደግሞ ለማስረዳት የሚገፋፋው ጥቅም የለውም። ስለዚህ እዚህ ይበልጥ የሚያሰጋው «የአሸናፊው መርገምት» የሚባለው ነው። ኬፕን፣ ክላፕና ካምብል እ.ኤ.አ. በ1971 የነዳጅ ይዞታ ጨረታዎችን መርምረው እንዳስረዱት፣ ሁሉም ተጫራች እየገመተ ሲጫረት የሚያሸንፈው ብዙውን ጊዜ አብዝቶ የገመተው ነው። በመሆኑም ተጫራች በበዛ ቁጥር ከግምት ላይ የሚቀነሰው ጥንቃቄ መጨመር አለበት፤ በተግባር የሚታየው ፉክክር ግን ተቃራኒውን ያስደርጋል።

ግምቱ የሚቆመው በማሽኑ አካል ላይ ነው። የዲስክ መፈልፈያ ዋና ክፍሉ ጉብጉብ ያለ የመዳብ ልባስ ያለው ዲስክ ነው። ልባሱ ሲያልቅ ወይም ክፍተቱ ሲዛባ ፍሬው ሳይፈለፈል ያልፋል፤ አለዚያም ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ፍሬም እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ይህን ከሩቅ የተነሣ ፎቶግራፍ አያሳይም። ስለዚህ የዲስኩ ቅርብ ምስል፣ የኩሽኔታዎቹ ሁኔታ፣ የአምራቹ ሰሌዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባዶውን ሲሽከረከር ሳይሆን እሸት ቡና ሲፈለፍል የሚያሳይ ቪዲዮ መጠየቅ ይገባል። ሞተሩ ለብቻው ይገመት። በባሕር ማዶ ያረጁ የጀልባ ሞተሮችን በኢንተርኔት ጨረታ የሚገዙ ሰዎችም የየሲሊንደሩን የእመቃ ልክ መጠየቃቸው ከዚሁ የመነጨ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ማሽን፣ በእኔ አስተያየት፣ ካልተቀባው ይበልጥ ሊያጠራጥር ይገባል።

መነሻው ሻጮች የሚጠሩት ዋጋ ሳይሆን ተመሳሳይ ማሽን በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የሚሠራ አቻው በ400,000 ብር ተሸጧል እንበል። ለዲስክ ልባስና ለጥገና 90,000፣ ለመጫኛና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው አዲስ አበባ እስከ ዲላ ለማጓጓዣ 40,000 ብር ቢቀነስ 270,000 ይቀራል። አሥር በመቶ ለጥንቃቄ ሲነሣ ጣሪያው 243,000 ብር ይሆናል። ስሌቱ ለሚያዝያ እንጂ ለመስከረም አይሆንም፤ ጥገናው ለቀማ ላይ ካልደረሰ ማሽኑ የዓመቱን ጥቅም አይሰጥምና።

የመዝጊያው ደንብም ዋጋን ይነካል። ሮትና ኦከንፌልስ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት፣ ቁርጥ ያለ የመዝጊያ ሰዓት በነበረው ኢቤይ ላይ ተጫራቾች እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይጠብቁ ነበር፤ አዲስ ዋጋ ሲቀርብ ሰዓቱን ያራዝም በነበረው አማዞን ላይ ግን ይህ ጠባይ በእጅጉ ያነሰ ነበር። በታሸገ ፖስታ ለሚጫረት ሰው ይህ ጣጣ የለበትም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፋልና ጣሪያውን አስቀድሞ መቁረጥ ግዴታው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የኢንተርኔት ጨረታ፣ ከጎረቤት ሲዳማ የቀረበው አሸናፊ ቡና በአንድ ፓውንድ 185.10 ዶላር ተሸጧል። ማሳውን ያላዩ ገዥዎች ይህን ያህል የደፈሩት የቅምሻ ውጤትና ናሙና ስለቀደመላቸው ነው። ያንኑ ዓይነት ቡና የሚፈለፍለው ማሽን ግን ያለ አንዲት የምርመራ ወረቀት ለጨረታ ይቀርባል። ሚልግሮምና ዌበር እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳስረዱት፣ እውነተኛ መረጃን ለሁሉም ይፋ ማድረግ የሚጠበቀውን የመሸጫ ዋጋ በአማካይ ከፍ ያደርጋል። እንግዲያው ዲላ ላይ ባለ መካኒክ የሚደረገውን ምርመራ ወጪ ባንኩ ራሱ ቢሸፍን ከጨረታው የሚመልሰው ይመስላል።