ዋናውን ሳያዩ መቅዳት፦ የቡድን ፖርትሬትና የዘይት ቀለም ትምህርት

በሞርሲቶ ወይም በሆሳዕና ተቀምጦ የዘይት ቀለም ሥዕል የሚማር ሰው የሬምብራንትን የቡድን ፖርትሬት ለመቅዳት ሲነሣ፣ ከፊቱ የሚኖረው የመጽሐፍ ገጽ ወይም የስልክ ስክሪን ነው፤ ዋናው ሥዕል ያለው አምስተርዳም ነው። የታላላቅ ሠዓሊያንን ሥራ እየቀዱ መማር የቆየ ስልት ስለሆነ ስልቱ ራሱ አያከራክርም። የሚያከራክረው ተማሪው ከኅትመት ምን ያህሉን ሊማር ይችላል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ አስተያየት ኅትመት የሥዕሉን ቅንብር ያስተላልፋል እንጂ የቀለሙን አሠራር አያስተላልፍም፤ ልምምዱም በዚሁ ልክ ሊቀየስ ይገባል።

ጥያቄው ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1591 በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል የአንቶኒዮ ቴምፔስታን የእንጨት ኅትመት ሥዕሎች ይዞ ኢትዮጵያ ደርሶ፣ በ17ኛው ምእት ዓመት የጎንደር ዘመን ሠዓሊያን በብራና ወንጌሎች ላይ ቀድተዋቸዋል። የእጃቸው ሞዴል ጥቁር መስመር ብቻ ነበር። የሰዎቹን አቋምና አሰላለፍ ከኅትመቱ ወሰዱ፤ ቀለሙን ከራሳቸው ትውፊት አመጡ። ውጤቱን የተበላሸ ቅጂ ብሎ መጥራት ስሕተት ነው፤ ኅትመቱ ያልሰጣቸውን ከሌላ ቦታ ማምጣት እንዳለባቸው ያወቁ ሰዎች ሥራ ነው።

ተመሳሳዩ ነገር በአውሮፓም ታይቷል። በ1642 የተጠናቀቀው የሬምብራንት «የሌሊት ዘብ» በ1715 ወደ አምስተርዳም ከተማ አዳራሽ ሲዛወር ጠርዞቹ ተቆርጠው ጠፍተዋል። የጠፋውን የምናውቀው ገሪት ሉንደንስ በዚያው ምእት ዓመት በትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ስለቀዳው ነው። ዋናው ዛሬም ከ4.5 ሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው ቅጂው ግን አንድ ሜትር አይሞላም። ራይክስ ሙዚየም በ2021 የጎደሉትን ክፍሎች ከዚህ ቅጂ ተነሥቶ መልሶ ሲያዘጋጅ፣ ኮምፒውተሩ የሉንደንስን አሣሣል ወደ ሬምብራንት አሣሣል መለወጥ እንዲችል መሠልጠን ነበረበት። ዋናውን አይቶ የቀዳ ባለሙያ እንኳ ቅንብሩን አቆየልን እንጂ የመምህሩን እጅ አላቆየልንም።

ለጀማሪ «የሌሊት ዘብ»ን አልመክርም፤ ሰው ይበዛበታል። በ1662 የተሣለው «የጨርቅ ማኅበሩ መርማሪዎች» ይሻላል፦ አምስት መርማሪዎች፣ ባርኔጣ ያላደረገ አንድ አገልጋይ፣ ቀይ ምንጣፍ የለበሰ ጠረጴዛ። ስድስቱ ራሶች በአንድ መስመር ሊደረደሩ ምንም አልቀራቸውም፤ መስመሩን የሚሰብረው ከመቀመጫው ብድግ ሊል ያለው ሰው ነው። በኤክስሬይ ምርመራ እንደታየው ሬምብራንት ራሱ የአገልጋዩን ቦታ ደጋግሞ ለውጧል። ተማሪው እነዚህን ራሶች አንድ ጊዜ በትክክል ማስቀመጥ ቢያቅተው ሊያፍር አይገባውም።

ዋናው 191.5 በ279 ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ 41 በ60 ሴንቲሜትር የሆነ ሸራ መጠኑን ይጠብቃል። ሥራው በቡናማና በነጭ ብቻ ይጀመር፤ የብርሃንና የጥላው ደረጃ ከኅትመት በአመዛኙ ይነበባልና። ችግሩ ጥቁሩ ልብስ ነው። በስክሪን ላይ አንድ ወጥ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ ተማሪው እንዲሁ ጥቁር ይቀባዋል፤ ሰዎቹም አካል የሌላቸው ራሶች ይሆናሉ። ስለዚህ ከቅጂው ጎን የተለየ የሙከራ ሰሌዳ ያስፈልጋል፦ ያንኑ ጥቁር በአንድ በኩል በደረቀ ቡናማ ላይ በስሱ፣ በሌላ በኩል በነጭ ላይ በወፍራሙ ቀብቶ ማነጻጸር። ከሥር ያለው ቀለም በስሱ ጥቁር ውስጥ ሲያሳልፍ ኅትመቱ የደበቀው በዓይን ይታያል።

ለዚህ ትዕግሥት ያሻል። ተልባ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ለሥዕል የሚውለው የተልባ ዘይት ግን እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል እንጂ፤ ይህም ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ዘይት የበዛበት ንብር ዘይት ባነሰበት ላይ ይቀባል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የላዩ ቀድሞ ይደርቅና በኋላ ይሰነጠቃል። የምንጣፉ ቀይ የሚቀባው የሙከራ ሰሌዳው ደርቆ ከታየ በኋላ ነው።