ከኮን ዝናብ እስከ ውርስ ሒሳብ



ክረምት ላይ ኮን የሚዘንበውን ዝናብ አስቡት። ከዋድላ አምባ ወደ ሰሜን የወረደው ተከዜ ይገባል። ወደ ደቡብ የወረደው በጅጣ ሸለቆ አድርጎ በሽሎን፣ በሽሎም ዓባይን ይቀላቀላል። ተከዜም ዓባይም በየፊናቸው ሱዳን ገብተው መጨረሻቸው አንድ ናይል ነው። የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከመጠናቀቁ በፊት ግብፅን በየዓመቱ ያጥለቀልቅ የነበረው ጎርፍ በአብዛኛው ይኸው የእኛ የክረምት ውሃ ነው፤ ደለሉም የእኛው አፈር።

ጎርፉ ማሳውን ያለማል፣ ድንበሩን ግን ያጠፋል። ውሃው ሲሸሽ የማን እርሻ የት ላይ እንደሚያበቃ በምን ይታወቃል? ግብፆች ገመድ ይዘው መሬት ለኩ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ ወንዙ መሬቱን የወሰደበት ሰው ሲያመለክት ንጉሡ ለኪዎች ልኮ የጎደለውን ያህል ግብሩን ይቀንስለት ነበር፤ ጂኦሜትሪም የተጀመረው ከዚህ ይመስለኛል ይላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሒሳብ የሐቅ ጥያቄን ለመመለስ ያገለግል ነበር ማለት ነው።

ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከ3500 ዓመታት በላይ ያስቆጠረ የፓፒረስ ጥቅል አለ። አሕመስ የተባለ ጸሐፊ ከሱ ከሚቀድም ጽሑፍ የገለበጠው ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ 6 ዳቦ ለ10 ሰው ማካፈል ነው። እኛ ካልኩሌተር ላይ 0.6 እንላለን፤ 0.6 ግን በቢላ አይቆረጥም! የአሕመስ መልስ ግማሽና አንድ አሥረኛ ነው። አምስቱን ዳቦ ለሁለት ለሁለት ቁረጡ፣ አሥር ግማሾች ይወጣሉ። ስድስተኛውን ለአሥር ክፈሉት። ሁሉም ሰው እኩል ብቻ ሳይሆን አንድ ዓይነት ቁራሽ ይደርሰዋል፤ የሚያጉረመርም የለም። የድግስ ድፎ ያካፈለ ሰው ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያውቃል።

ባቢሎኖች ደግሞ እርጥብ ሸክላ ላይ በመቃ እየጻፉ ቁጥርን በ60 ይጠቀልሉ ነበር። የ60 ጥቅም ግልጽ ነው፤ ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6፣ ለ10፣ ለ12 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሶላት ስንት ደቂቃ ቀረው ብላችሁ ስልካችሁን ስታዩ የምትቆጥሩት የእነሱን 60 ነው። ከሸክላዎቻቸው አንዱ 10 ወንድማማቾች በሚዛን የተለካ ብር ሲከፋፈሉ የእያንዳንዱን ድርሻ ያሰላል።

ከባቢሎን ፍርስራሽ 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ በባግዳድ፣ በኸሊፋው አል-መእሙን ዘመን (እ.ኤ.አ. 813–833) አል-ኸዋሪዝሚ ስለ አል-ጀብር መጽሐፉን ጻፈ። ከመጽሐፉ ሰፊ ክፍል የያዘው ስለ ኑዛዜና ውርስ ነው። አንዳንድ ወጣቶች «ሒሳብን የፈጠርነው እኛ ነን» ብለው ይለጥፋሉ። እኔ ይህን አልወደውም። አል-ኸዋሪዝሚ ራሱ የሕንዶችን አቆጣጠር የሚያስተምር መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው፤ ከሌላ መማሩን አልደበቀም። ደግሞስ የሱን ስም ጠርቶ የእህቱን ድርሻ ማስላት ያልቻለ ሰው ኩራቱ በምን ላይ ነው?

ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። በየሰፈሩ አባት ሲሞት «እሷ ባሏ ጋ ናት፣ አንዲት ጊደር ይበቃታል» ሲባል እንሰማለን። በሱረቱ ኒሳእ ግን ድርሻው በክፍልፋይ ተለይቶ ተቀምጧል፤ ግምት አይገባበትም።

አንድ ሰው ሚስቱን፣ እናቱን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሞተ እንበል። አባቱ ቀድሞት ሞቷል። የቀብር ወጪው፣ ዕዳውና ኑዛዜው ተነስቷል። ልጅ ስላለው ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ለእናት አንድ ስድስተኛ ነው። የቀረው ለልጆቹ ነው፤ ለወንዱ የሴቷ እጥፍ። ለ8ም ለ6ም ያለ ቀሪ የሚካፈለው ትንሹ ቁጥር 24 ነው። ሚስት 3፣ እናት 4፣ ቀሪው 17። 17 ደግሞ ለሦስት አይካፈልም። «እንግዲህ ተጠጋግቶ ይሁን» የሚባለው እዚህ ጋ ነው፤ የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ ዝም የሚለው ወራሽ ነው። ፈራኢድ የቀራ ደረሳ ግን አያጠጋጋም። 24ን በ3 ያበዛና 72 ያደርገዋል፦ ሚስት 9፣ እናት 12፣ ወንዱ ልጅ 34፣ ሴቷ 17። ደምሩና እዩት። የባቢሎኖቹ 60 እና የፈራኢዱ 24 ዘዴያቸው ተመሳሳይ ነው፤ ድርሻ ሳይሸራረፍ የሚወጣበትን ቁጥር መምረጥ።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። በዚያው ቤተሰብ ሴት ልጆቹ ሁለት ቢሆኑስ? 72 አይሠራም። ስልክ ሳትነኩ በወረቀት ሞክሩት፤ በሚቀጥለው ጁሙዓ ኢንሻአላህ አብረን እንሠራዋለን።