ስለ ኮሌራ ወረርሽኝ አደጋ አመዛዘን

በዛሬው ዘመን ዓለምን የሚያስጨንቀው የኮሌራ ወረርሽኝ በ1953 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ የተነሣው ሰባተኛው ሲሆን፣ እስከ ዛሬ አላበቃም። አደጋው አስቀድሞ እንዴት እንደሚመዘን ለመረዳት በካርቱም የደረሰውን መመልከት ይጠቅማል።

ሪያድ በካርቱም ከተማ በስተምሥራቅ የሚገኝ ሠፈር ነው፤ ስሙም በዓረብኛ «የአትክልት ሥፍራዎች» ማለት ነው። ከጦርነቱ በፊት ባለጸጎች ይኖሩበት ነበር። ይሁን እንጂ የባለጸጋውም ሆነ የድኻው ቧንቧ ውሃ የሚያገኘው በኤሌክትሪክ በሚሠራ መሳቢያ ነው። ኃይሉ ሲቋረጥ ቧንቧው ይደርቃል፤ ቧንቧው ሲደርቅ ሕዝቡ ወደ ወንዝና በአህያ ጋሪ ወደሚሸጥ ውሃ ይዞራል።

በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ብዙውን ነዋሪ አሰደደ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከተማው በመንግሥቱ ጦር እጅ ከገባ በኋላ የተሰደደው ሕዝብ መመለስ ቢጀምርም፣ በግንቦት ወር ሰው አልባ አውሮፕላኖች በኦምዱርማን ያሉትን የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች መቱ። በዚያው ወር የሱዳን ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ2,700 በላይ ሰዎች መታመማቸውንና 172 መሞታቸውን ገለጠ። ከታመሙትም ከመቶው 90ው በካርቱም ክፍለ ሀገር የሚኖሩ ነበሩ። በሰኔ ወር የክትባት ዘመቻ ተደረገ።

በብዙ ሥፍራ አደጋው የሚገመተው ሕሙማንን በመቁጠር ነው። ይህ ግን ዘግይቶ መድረስ ነው። ተሐዋሲው ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሕመም ሳይሰማቸው እስከ 10 ቀን ድረስ በሰገራቸው ያወጡታልና። ስለዚህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የሠፈሩ ውሃ ዛሬ ከወዴት እንደ መጣ፣ ክሎሪን እንደ ገባበት፣ የመጸዳጃው ጉድጓድም ከውሃው ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንደ ራቀ ነው። ይህን ለመጠየቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የሠፈር ሹም በአንድ ቀን ሊፈጽመው ይችላል። ውሃው ካጠራጠረ ፈልቶ፣ በተከደነ ዕቃ ተቀምጦ ይጠጣል።

ኮሌራ የሰውነትን ውሃ አሟጦ በጥቂት ሰዓት ይገድላል። በጽኑ ታመው ሕክምና ካላገኙት እስከ እኩሌታው ሊሞቱ ይችላሉ፤ በጊዜው ከታከሙት ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ዱቄት እስኪገኝ ድረስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም በልክ ተስተካክሎ፣ ይበጠበጣል። ጨው ማብዛት ጉዳት አለው። በሽተኛው ወደ ሐኪም ሲወሰድም በመንገድ ላይ መጠጣቱን አያቋርጥ፤ ሕፃንም ጡት አይከልከል።