ከየት ልጀምር? የላስታን አብያተ ክርስቲያናት የመጎብኘት ቅደም ተከተል

ወደ ላስታ ለመሄድ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ቀን ይበቃኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ከየት ልጀምር?» የሚል። ቀኑ የሚበቃውም የሚያንሰውም በዚህኛው መልስ ስለሆነ ትምህርታችንን ከዚህ እንጀምራለን።

በቅድሚያ ቃላችንን እንወስን። የጉብኝት መንገድ ስንል እግር የሚረግጠውን ጥርጊያ ብቻ ማለታችን አይደለም። የትኛው ስፍራ እንደሚቀድም፣ የትኛው እንደሚከተልና የትኛው ለሌላ ጊዜ እንደሚቆይ አስቦ መወሰን ማለታችን ነው። በተለይ ሦስተኛው ይረሳል። ሁሉን ላይ ብሎ የወጣ ሰው ማታ ሲጠየቅ የቱን በየት እንዳየው ይደባለቅበታል። በዚህ የሚወቀስ የለም፤ በአንዲት ከተማ፣ በላሊበላ ብቻ፣ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሲጠብቁት የማይደባለቅበት ማን ነው?

ቀጥሎ የምንሄድበት ስፍራ ምን ዓይነት እንደሆነ እንለይ። ጥንታዊ ስፍራዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ፍርስራሽ ነው፤ ይኸውም የሠሩት ሰዎች ትተውት የሄዱ፣ የተሠራበት አገልግሎትም የቆመ ስፍራ ነው። ሁለተኛው ሕያው ደብር ነው፤ ይኸውም ዘመኑ የራቀ ቢሆንም የተሠራበት አገልግሎት ዛሬም ያልተቋረጠበት ስፍራ ነው። ለፍርስራሽ የታወቀው ምሳሌ በፔሩ ተራሮች ላይ ያለው የኢንካዎች ማቹ ፒቹ ነው። ከፍታው 2,430 ሜትር ያህል ስለሆነ ከላሊበላ ከተማ ብዙም አይርቅም። በዚያ ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጉብኝቱ በሦስት ዙሮችና በዐሥር መስመሮች ተከፍሏል። ጎብኚው ትኬት ሲቆርጥ መስመሩን አብሮ ይመርጣል፤ ከገባ በኋላ ወደ ሌላ መስመር ልዙር ቢል አይፈቀድለትም። የድንጋዩ ግንብና ደረጃ ከሰው ብዛት የተነሣ እንዳይጎዳ የተደረገ ነው።

ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መመዝገቡ ግን ሙዚየም አላደረገውም። ካህኑ ዛሬም ሌሊት ተነሥቶ ኪዳን ያደርሳል፤ ማኅሌቱም ቅዳሴውም አልተቋረጠም። ስለዚህ በማቹ ፒቹ መስመሩን ትኬት ሲወስን፣ በላስታ የሚወስነው የቀን መቁጠሪያው ነው። ከዚህ የተነሣ ለጎብኚው ሁለት ነገሮች ይከተላሉ።

የመጀመሪያው የወር በዓላትን ማወቅ ነው። ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ አማኑኤል በ28 ይከበራሉ። ከላሊበላ ከተማ ውጭ ወዳለችው ወደ ገነተ ማርያም ወር በገባ በ21 የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያኗን ከነምእመኗ ያገኛታል፤ ሥዕሎቿን በእርጋታ ማየት ግን ይቸግረዋል። በ22 የሚሄድ ሰው ሥዕሉን ያያል እንጂ ዝማሬውን አይሰማም። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ የተለያዩ ጉብኝቶች ናቸው፤ የሚጸጸተው ሳያውቅ የሄደው ብቻ ነው። የልደት በዓልም እንዲሁ ነው። በዚያን ዕለት በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ማሜ ጋራ ከሚባለው የአለት አፋፍ፣ ግማሾቹ ከታች ከግቢው ሆነው «ቤዛ ኵሉ» እያሉ ሲያሸበሽቡ ማየት ሌላ ቀን የማይገኝ ነው። የግድግዳ ቅርጽ ላጥና የሚል ግን ያን ሰሞን ባይመርጥ ይሻለዋል።

ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያኑን የውስጥ ክፍል መለየት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍሎች አሉት። ቅኔ ማኅሌት የሚባለው መዘምራን የሚቆሙበት፣ ቅድስት የሚባለው ምእመናን ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉበት፣ መቅደስ የሚባለው ታቦቱ ያለበትና ካህናት ብቻ የሚገቡበት ነው። ስለዚህ በየቤቱ ያለው መንገድ የሚያበቃው በመቅደሱ መጋረጃ ነው፤ ጫማም ከደጅ ይወልቃል። በቤተ ጎልጎታ ደግሞ ሴቶች አይገቡም። ይህን አስቀድማ ያወቀች እኅት ከባሏ ወይም ከወንድሟ ጋር ስትሄድ መንገዷን በዚያው ልክ ታቅዳለች፤ በር ላይ ደርሳ አታዝንም።

እስካሁን ያልነውን ስናጠቃልል፣ ስፍራው ሕያው ደብር ነው፤ ቀኑንና የመግቢያውን ወሰን የሚሰጠን ሥርዓቱ ነው። በዚህ ወሰን ውስጥ ሆነን ግን አሁንም ምርጫ አለን። ወደ ዋናው ነገር እንለፍ።

የላስታን አብያተ ክርስቲያናት በአሠራር ስንለያቸው ሦስት ወገን ይሆናሉ። በዋሻ ውስጥ የታነጸ ስንል በተፈጥሮ ዋሻ ሆድ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት የተገነባውን ማለታችን ነው። ከፊል ውቅር ስንል በአንድ ወይም በሁለት ወገኑ ከተራራው ያልተለቀቀውን ነው። ሙሉ ውቅር ስንል በአራቱም ማዕዘን ዙሪያው ተፈልፍሎ፣ በመሠረቱ ብቻ ከአለቱ ጋር የተያያዘውን ነው። ልዩነቱን በቀላሉ ለመያዝ፣ ግንበኛ ድንጋይ እየጨመረ ሲሠራ ወቃሪ እየቀነሰ እንደሚሠራ ማስተዋል ይበቃል። ግንበኛ ቢሳሳት አፍርሶ ይደግማል፤ ወቃሪ የቀነሰውን መመለስ አይችልም።

ይህን ከያዝን የጉብኝት ቅደም ተከተል በሦስት መንገድ ሊታሰብ እንደሚችል እናያለን፤ በቅርበት፣ በዘመንና በትውፊት። በቅርበት መሄድ ማለት ካረፉበት ቤት የሚቀርበውን ማስቀደም ነው። ድካምን ይቀንሳል፤ ማስተዋልን ግን አይጨምርም፤ በእርሱ ላይ ብዙ የምንለው የለንም።

በዘመን መሄድ የበለጠ ያስተምራል። መጀመሪያው ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ከላሊበላ በስተሰሜን፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገን በሚገኝ ሰፊ ዋሻ ውስጥ ያለ፣ ከንጉሥ ላሊበላ አስቀድሞ በነገሠው ካህን ንጉሥ ስም የሚጠራ ነው። ግድግዳውን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የነጣ ግንብ እያለ ይወጣል። ይህ የአክሱም ዘመን አሠራር ነው። የእንጨቱን ረድፍ፣ የመስኮቱን ክፈፍ፣ በየማዕዘኑ ወጣ ያሉትን የእንጨት ጫፎች ልብ ብላችሁ ያዙ።

ከዚያ ወደ ላሊበላ ከተማ ግቡ፤ ይህም በዐሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በዐሥራ ሦስተኛው መጀመሪያ የነገሠው የንጉሥ ላሊበላ ከተማ፣ የጥንቷ ሮሃ ነች። በይምርሐነ ክርስቶስ በእንጨት የተሠራውን የመስኮት ክፈፍ እዚህ በአለት ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። አለት ምሰሶና ማገር አያስፈልገውም፤ ወቃሪው ግን የእንጨቱን መልክ አልተወም። ቤተ አማኑኤል ፊት ቁሙና ግድግዳው በረድፍ በረድፍ ወጣ ገባ ማለቱን እዩ፤ በይምርሐነ ክርስቶስ ያያችሁት የእንጨትና የግንብ ረድፍ ነው፤ አሁን ግን ሁሉም አንድ ድንጋይ ሆኗል። ይምርሐነ ክርስቶስን ያላየ ሰው ይህን ወጣ ገባ እንደ ጌጥ ብቻ አይቶ ያልፈዋል።

ሦስተኛዋ ገነተ ማርያም ነች። ከላሊበላ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ንጉሥ ላሊበላ የነበረበት የዛጔ መንግሥት ካለፈ በኋላ፣ ከ1270 እስከ 1285 እ.ኤ.አ. በነገሠው በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን የተወቀረች ሙሉ ውቅር ነች። ዙሪያዋን አራት ማዕዘን ዐምዶች ከበዋታል፤ ጣሪያዋም ግራና ቀኝ ያዘቀዘቀ ነው። እዚህ የደረሰ ሰው ቤተ መድኃኔ ዓለምን ማስታወስ አለበት። ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ 33 ሜትር የሚያልፍ፣ ከከተማው ውቅሮች ሁሉ የሚተልቅ፣ እርሱም ዙሪያውን በዐምድ የተከበበ ነው። ሥርወ መንግሥቱ ተለውጧል፤ አዲሱ ንጉሥ ግን ያሠራት ቤተ ክርስቲያን የቀደሙትን ነገሥታት መልክ የያዘች ነች። ስለ ዛጔና ስለ ሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት መለያየት በመጻሕፍት ብዙ ያነበበ ሰው፣ በድንጋዩ ላይ መቀጠሉን ሲያይ ሐሳቡን ረጋ ብሎ ደግሞ ይመረምራል።

ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሥዕሎቹ አሉ። ቅዱሳንና አበው፣ የጌታ ሕይወት ታሪክም በግድግዳውና በዐምዶቹ ላይ ተሥለዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ግን የአፄ ይኩኖ አምላክ ሥዕል ነው፤ ንጉሡ ቤተ ክርስቲያኗን ያሠራ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አብሮት አለ። በኢትዮጵያ አሠሪው ንጉሥ ራሱ ከነስሙ ተሥሎ የሚታይባቸው የዚያ ዘመን ሥራዎች ጥቂት ናቸው። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ቆም ማለት ይገባል፤ ቀለሙ ደብዝዟልና ችኩል ሰው ግድግዳውን ባዶ ይመስለዋል። የካሜራ ፍላሽ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ቀለም ደኅና አይደለም። ካህኑ ወይም አስጎብኚው የሚያበራው ባትሪ ይበቃል።

እንግዲህ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ላሊበላ፣ ገነተ ማርያም፤ ይህ የዘመን መንገድ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልገዋል። በከተማው ውስጥ ያሉት 11ዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሠሩ ወይስ በተለያየ ዘመን የሚለው በተመራማሪዎች ዘንድ ያከራክራል። አርኪኦሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን ቤተ መርቆሬዎስንና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን ከንጉሥ ላሊበላ እጅግ የቀደሙ፣ ሲጀመርም ለቤተ ክርስቲያንነት ያልተወቀሩ ያደርጋቸዋል። ትውፊቱ ደግሞ ሁሉንም ለቅዱሱ ንጉሥ ይሰጣል። ስለዚህ የዘመን መንገድ ከስፍራ ወደ ስፍራ ስንሄድ ይረዳናል፤ በከተማው ውስጥ ግን ከቤት ወደ ቤት ልንከተለው አንችልም።

በከተማው ውስጥ የሚሻለው የትውፊት መንገድ ነው። የትውፊት መንገድ ስንል ስፍራዎቹ በተሰየሙበት ምሥጢር መሠረት መሄድ ማለታችን ነው። በመካከል ዮርዳኖስ የሚባለው ፈፋ አለ፤ ከእርሱ በስተሰሜን እነ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያምና ቤተ ጎልጎታ፣ በማዶው እነ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ አሉ። ከሰሜኑ ምድብ ተጀምሮ ዮርዳኖስን ተሻግሮ ወደ ሁለተኛው ይኬዳል። በዚያም «ሲኦል» የሚባል መተላለፊያ ውስጥ፣ መብራት አጥፍቶ ግድግዳውን በእጅ እየዳሰሱ በድቅድቅ ጨለማ ማለፍ የተለመደ ነው። በባትሪ ቢያልፉት መተላለፊያ ብቻ ነው፤ በጨለማ ቢያልፉት ግን ስሙ ራሱ ትምህርት ይሆናል።

ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው በስተምዕራብ ይገኛል። ጎብኚው ሁሉ አስቀድሞ ሊያየው የሚቸኩለው እርሱን ነው። የመስቀል ቅርጽ ስላለው፣ እንደ አንዳንዶቹም በላዩ የብረት መጠለያ ስላልተሠራበት ፎቶግራፉ በየቦታው አለ። በትውፊት ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ «የእኔስ ቤት?» ብሎ በፈረስ ሆኖ መጥቶ ንጉሡን ከጠየቀ በኋላ በመጨረሻ የተሠራ ነው። ስለዚህ በትውፊት መንገድ የሚሄድ ሰው ለመጨረሻ ያቆየዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ከትውፊቱም ውጪ ትክክል ነው፤ እርሱን ያስቀደመ ሰው ቀሪዎቹን ሁሉ በእርሱ እየመዘነ ያያቸዋል።

አሁን በቀን እናስላው። አንድ ቀን ብቻ ያለው ከከተማው አይውጣ። ሁለት ቀን ያለው አንዱን ለከተማው፣ ሁለተኛውን ለገነተ ማርያም ይስጥ። ሦስት ቀን ያለው ይምርሐነ ክርስቶስን አስቀድሞ የዘመኑን መንገድ ሙሉውን ይሂድ። ይምርሐነ ክርስቶስና ገነተ ማርያም በተቃራኒ አቅጣጫ ስላሉ በአንድ ቀን ሁለቱን ማየት መኪና ውስጥ መዋል ነው። አራተኛ ቀን ያለው ከገነተ ማርያም በእግር የሰዓታት መንገድ ወደሆነው ወደ መኪና መድኃኔ ዓለም መውጣት ይችላል፤ እርሱም እንደ ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። የገጠሩ መንገድ በክረምት ይበላሻል፤ የአካባቢውም ሁኔታ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ከመነሣት በፊት በዚያው ሰሞን ያለፈ ሾፌር መጠየቅ ግድ ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ከወልድያ በኩልመስክ በኩል የሚመጣ ሰው ከላሊበላ በፊት ገነተ ማርያምን ያገኛታል፤ ታዲያ አልፏት ይሂድ? ሦስት ቀን ያለው ሰው ይለፋት፤ ተመልሶ ይመጣል። የማይመለስ ከሆነ ግን ወርዶ ይያት፤ ዐምዶቿንም ቢችል ይቁጠራቸው፣ ካልሆነም ዞሮ ፎቶ ያንሣቸው፤ በማግስቱ ቤተ መድኃኔ ዓለም ሲደርስ ፎቶውን አውጥቶ ያስተያየው።