ምዕራፍ 7፦ የሥራ ቦታ ሳቅ ከየት ይመጣል?

አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 በተከፈተው የፓይክ ፕሌስ ገበያ ውስጥ ዓሣ በአየር ላይ ይበራል። ገዢው በረዶ ላይ ከተደረደሩት ሳልመኖች አንዱን በጣቱ ያመለክታል፤ ሻጩ ያነሳና ከባንኮኒው ማዶ ወዳለው ባልደረባው ይወረውረዋል። የታዘዘውን ጮክ ብሎ ሲጠራ ሌሎቹ በአንድ ድምፅ ይቀበሉታል። ማዶ ያለው ቀልቦ ይመዝናል፣ ይጠቀልላል። ዓሣ የመግዛት ሐሳብ ያልነበረው መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ ያያል።

ውርወራው ለትርኢት ታስቦ የተጀመረ አልነበረም። የዓሣ ሱቁን እ.ኤ.አ. በ1965 የገዛው ጆን ዮኮያማ ለእያንዳንዱ ሽያጭ ባንኮኒውን እየዞረ መመላለስ ሰለቸው። ዓሣውን መወርወር እግር ያሳርፋል፣ ጊዜም ይቆጥባል። ሱቁ በዚያን ዘመን የደስታ ቦታ ነበር ማለት ግን አይቻልም። ዮኮያማ ራሱ በኋላ እንደተናገረው ሠራተኞቹን የሚያስተዳድረው በቁጣና በማስፈራራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የጅምላ ንግድ ሞክሮ ከሰረ፤ ሱቁም ሊዘጋ ጫፍ ደረሰ። ያኔ አንድ አማካሪ ቀጠረና ከሠራተኞቹ ጋር እየተቀመጠ መነጋገር ጀመረ። በአንደኛው ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ሠራተኛ «በዓለም የታወቅን እንሁን» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ለማስታወቂያ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም፤ የነበረው ዓሣ፣ በረዶና የሰዎቹ ጉልበት ብቻ ነው። ሻጮቹ እያንዳንዱን ገዢ በምን ደስ ሊያሰኙት እንደሚችሉ በየቀኑ በራሳቸው መንገድ መሞከር ያዙ። ዮኮያማ እ.ኤ.አ. በ2018 ጡረታ ሲወጣ ሱቁን የገዙት አራት ሠራተኞቹ ናቸው።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ያለው ስብሰባው ላይ ነው። ብዙ ኩባንያዎች ግን ያዩት ውርወራውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ሱቁ የተሠራው የሥልጠና ፊልም በየአገሩ ቢሮዎች ታየ፤ ተከትሎት የወጣው መጽሐፍም በብዙ ቋንቋ ተተረጎመ፤ ለስብሰባ አዳራሽ የሚሆን የጨርቅ ዓሣ ሳይቀር ለገበያ ቀረበ። ደመወዙ ያነሰውን፣ ሐሳቡን ማንም የማይጠይቀውን ሠራተኛ በአዳራሽ ሰብስቦ የጨርቅ ዓሣ ማስወርወር ደስታ አይፈጥርም። እንዲያውም ያስከፋዋል፤ ሰውየው ፊቱን እንኳ እንዳሻው እንዳያደርግ የታዘዘ ያህል ይሰማዋል።

ትእዛዙ ከመጠን ሲያልፍ ፍርድ ቤት ድረስ ሊያስኬድ ይችላል። ፓሪስ ውስጥ አንድ የአማካሪ ድርጅት ሠራተኛ፣ «ፈታ በሉ» የሚለውን የቤቱን ባህል አልከተል በማለቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ተባረረ። ባህሉ ብዙ መጠጥ የሚጠጣባቸውንና ከልክ ያለፈ ቀልድ የሚቀለድባቸውን ግብዣዎች ይጨምር ነበር። የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ሠራተኛው በዚህ ምክንያት መባረሩ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነቱን የሚጥስ ነው ሲል ወሰነለት። አለመሳቅም የሠራተኛ መብት ነው ማለት ነው።

ታዲያ ሳቁ ከየት ይመጣል? ከሁሉ የተሻለ መልስ የሰጠው ዶናልድ ሮይ የተባለ አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር ነው። ሮይ ነገሩን በመጠይቅ አላጠናውም፤ ፋብሪካ ገብቶ ተራ ሠራተኛ ሆነ። ሥራው ማሽን ላይ ቆሞ ቅርጽ መቁረጥ ነው፤ ማስተካከል፣ መጫን፣ ማንሳት፣ እንደገና ማስተካከል። ቀኑ ረጅም ነበር፤ ጠዋት የተጀመረው እስከ ምሽት ይዘልቃል፣ በሳምንትም ስድስት ቀን ነው። ክፍሉ ከሌላው የፋብሪካው ሕዝብ የተነጠለ ሲሆን፣ አብረውት የሚሠሩት በጽሑፉ ውስጥ ጆርጅ፣ አይክና ሳሚ የሚላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሮይ ሥራውን ሊተው ምንም አልቀረውም። ከዚያ ለራሱ ትንሽ ጨዋታ ፈጠረ። ይህን ያህል ቅርጽ በአንዱ ቀለም ከቆረጠ በኋላ ወደ ሌላ ቀለም ያልፋል፤ ያን ሲጨርስ የሚቆርጥበትን ቅርጽ ይለውጣል፤ ከዚያ ማሽኑን ያጸዳል። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ቀኑን ሙሉ የሚጠበቅ አንድ ነገር ሰጠችው። ቀጥሎ ጆሮውን ወደ ባልደረቦቹ መለሰ። መጀመሪያ ትርጉም የለሽ ጫጫታ የመሰለው ነገር ሥርዓት ያለው ሆኖ አገኘው። ሳሚ በየቀኑ ለምሳው ሙዝ ይዞ ይመጣል። አይክ በየቀኑ ይሰርቀዋል፤ «የሙዝ ሰዓት!» ብሎ እየጮኸ ይበላዋል። ሳሚ ይቆጣል፣ ጆርጅ አይክን ይገሥጻል። በማግስቱ ሳሚ እንደገና ሙዝ ይዞ ይመጣል። ሙዙን አንድም ቀን በልቶት አያውቅም፤ ማምጣቱን ግን አልተወም። የኮክ ፍሬ ሰዓት፣ የመስኮት ሰዓት፣ የዓሣ ሰዓትም ነበራቸው። ቀኑ በእነዚህ ተከፋፍሎ ያልፋል።

በአንድ ወቅት በሮይ ግፊት የተጀመረ ቀልድ ጆርጅን በጣም አስቀየመውና ክፍሉ ጸጥ አለ። ማሽኑ ያው ነው፣ ደመወዙም ያው ነው፣ ሰዓቱም አልተጨመረም፤ ሮይ ግን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም እንደገና ሰውነቱን ሲይዘው አስተዋለ። እርቅ እስኪወርድ ድረስ አልለቀቀውም። ጥናቱን «የሙዝ ሰዓት» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሳተመው። ያንን ጽሑፍ ያነበበ ኃላፊ፣ ሠራተኞቹ ተሰብስበው ሲስቁ ባየ ቁጥር «ሥራ ፈቱ» ብሎ ለመደምደም አይቸኩልም።

ጨዋታ የሥራን ድካም እንደሚያቀል ለኢትዮጵያ ገበሬ አዲስ ግኝት አይደለም። አዝመራ ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ አንዱ ዘፈን ሲያወጣ ሌላው ይቀበላል፣ ማጭዱም ከዜማው ጋር ይሄዳል። ጎበዙ በግጥም ይወደሳል፤ የሚለግመው በግጥም ይሸነቆጣል። ጠሪው እንጀራውንና ጠላውን ያቀርባል፤ ወንፈል ከሆነ ደግሞ ጉልበቱን በተራው ይመልሳል። ዘፈኑ ከሥራው ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ ቢቀር አጨዳው ራሱ ይዘገያል። ከተማ ላይ ማጭድ የለም፤ ቢሮ ውስጥ ግን ባልደረቦች የሚጥሉት እቁብ፣ ዕጣው የሚወጣበት ቀን ግርግር፣ ከሰዓት በኋላ የምትፈላው ቡና አሉ። እነዚህን በአስተዳደር ማስታወቂያ የሚከለክል መሥሪያ ቤት ያተረፈ ይመስለዋል። ያተረፈው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያጣው ግን ሠራተኛው ሠራተኛውን የሚያውቅበትን ብቸኛ ሰዓት ነው።

ሳቅ ብቻውን ግን ሙያን አያስወድድም። ኤሚ ዥንየቭስኪና ጄን ደተን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሆስፒታል ውስጥ የጽዳት ሠራተኞችን አነጋገሩ። ግማሾቹ ሥራቸውን ሲገልጹ መጥረግና መወልወል ነው አሉ፤ ብዙም ችሎታ አይጠይቅም፣ አይወደድም። ሌሎቹ ያንኑ ሥራ፣ በዚያው ሆስፒታል፣ በሽተኛ የማዳን ሥራ አካል አድርገው ያዩት ነበር። ጠያቂ የሌለውን በሽተኛ ያጫውታሉ፤ መንገድ የጠፋበትን አስታማሚ ይመራሉ። ራሳቸውን ሳያውቁ የተኙ ሕሙማን ባሉበት ክፍል የምትሠራ አንዲት ሴት በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሥዕሎች ቦታ ትለዋውጥ ነበር፤ ለውጡ ምናልባት ሕሙማኑን ይረዳ ይሆናል ብላ። ይህን ያዘዛት የለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ጽሑፋቸው ሠራተኛ ሥራውን በእጁ እንደገና እንደሚቀርጸው አሳየ፦ የሚሠራውን በመጠኑ ይጨምራል፣ የሚያገኘውን ሰው ይመርጣል፣ ለድካሙ የሚሰጠውን ትርጉም ይለውጣል። ሥራ ለመቀየር አቅም ለሌለው ሰው ከዚህ የቀረበ በር የለም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ባለጉዳዩን በስሙ መጥራት ለመጀመር ፈቃድ አያስፈልገውም።

«የምትወደውን ሥራ ፈልግ» የሚለው ምክር በወጣቶች ላይ የሚጭነው ጭንቀት ቀላል አይደለም። ፍቅሩ ከሥራው በፊት መምጣት ያለበት ያስመስላል። ዥንየቭስኪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመችው ጥናት ውስጥ የኮሌጅ ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ሥራቸው ተመሳሳይ ነው። ከእነሱ ሲሶ ያህሉ ሥራውን እንደ እንጀራ፣ ሲሶው እንደ ዕድገት መሰላል፣ ሲሶው ደግሞ እንደ ጥሪ አዩት። ጥሪ ነው ካሉት መካከል ጎልተው የታዩት በሥራው ላይ ረጅም ጊዜ የቆዩት ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ልቡ ያልሞቀለት ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም መምህር ተሳሳትኩ ብሎ ከመደምደሙ በፊት እጁ እስኪፈታ ለራሱ ጊዜ መስጠት ይገባዋል። ችሎታው ሲያድግ የሥራው ጣዕም ይለወጣል፤ ልብስ ሰፊም፣ ሐኪምም፣ መካኒክም ይህን ያውቁታል።

ፍቅሩ ከያዘ በኋላ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ቫሌራንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት ዓይነት ፍቅር ለዩ። አንደኛው ሰውየው የሚይዘው ነው፤ ሲፈልግ ያነሳዋል፣ ሲመሽ ያስቀምጠዋል። ሌላው ሰውየውን የሚይዘው ነው፤ ቤቱ ገብቶም አይለቀውም። ቫሌራንድ በኋላ በፈረንሳይና በኩቤክ ነርሶች ላይ ባደረገው ጥናት፣ የመጀመሪያው ፍቅር በሥራ የሚገኘውን እርካታ ሲጨምርና ከመዛል ሲጠብቅ፣ ሁለተኛው ሥራን ከቀሪው ሕይወት ጋር አጋጭቶ ወደ መዛል ሲወስድ ታይቷል። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ ምክንያቱም ሰው ሲጎድል መጀመሪያ የሚደወለው ሥራውን ለምትወደው ነርስ ነው፤ እሷም እምቢ አትልም። የፈረቃ ሰሌዳ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ የእሷን የዕረፍት ቀን ይጻፍ፤ በዚያም ቀን የምትጠራ ሌላ ተተኪ ከወዲሁ ይመድብ።