ስለ ካርቦን ቢስክሌት ዋጋና ጥቅም

ከካርቦን ክርና ከሙጫ የሚሠራ ቢስክሌት ክብደቱ ቀላል ስለ ሆነ ዋጋው ከብረቱና ከአሉሚኒየሙ እጅግ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካዊው ግሬግ ሌሞንድ በካርቦን ቢስክሌት ተቀምጦ የፈረንሳይን ዙር ካሸነፈ ወዲህ ዝናው ገንኗል። ይሁን እንጂ አስመጪው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሒሳቡን ሊሠራ ይገባዋል።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 9 ኪሎ በሚመዝን ቢስክሌት ሲቀመጥ ሸክሙ 79 ኪሎ ነው። ቢስክሌቱ ወደ 7 ኪሎ ቢወርድ የሚቀነሰው ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ፣ ጕልበቱ እኩል ከሆነ፣ የሚተርፈው ጊዜ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው፤ በሜዳማ ነፋስ ዋናው ባላጋራ ስለ ሆነ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። ይህች ደቂቃ ለተወዳዳሪ ድል ናት፤ ቢሮ ለሚመላለስ ጸሐፊ ግን ደመወዝ አትጨምርለትም። ለተወዳዳሪውም ቢሆን ወሰን አለው፤ ዓለም አቀፉ የቢስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ክብደቱ ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነውን ከውድድር ስለ ከለከለ፣ ከዚያ በታች ለማውረድ ዕቃ መለወጥ ከንቱ ወጪ ነው። ጥሩ ጎማ ግን በጥቂት ዋጋ ተገዝቶ በመንገድ ላይ የሚባክነውን ጕልበት በግልጽ ይቀንሳል።

ያገለገለ ካርቦን የሚያስመጣ ነጋዴ ደግሞ ይጠንቀቅ። ብረት ሲመታ ይጎብጣል፤ ካርቦን ግን ቀለሙ ደኅና መስሎ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቡሎኑ ከልክ በላይ ሲጠብቅም እንዲሁ ነው። ደንበኛው ቁልቁለት ላይ ቢሰበርበት ወደ ሻጩ ስለሚመለስ፣ ዕቃውን በባለሙያ ሳያስመረምር ዋጋ አይቁረጥ።